የቬሮኒካ በርጩማ

በዚያ የስቅለት ዕለት ካፊያው ከንጋት ጀምሮ አላባራም ነበር። የዳገቱ ድንጋይ ንጣፍ ቅባት የተቀባ ይመስላል፤ ወርቅ ይወጣ ከነበረበት ዘመን የቀሩት የከተማው ጣሪያዎች ሁሉ ያንጠባጥባሉ። ጄኔሮዛ የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ አባ ቫልዲር መጥተው በሯ ላይ ቆሙ። ለደብሩ ከተሾሙ ገና አምስት ወራቸው ነበር።

«ዶና ጄኔሮዛ፣ ዛሬ እንኳ ይረፉ» አሏት። «ዝናቡም አለ፣ ዕድሜውም አለ። ከትልቁ ከተማ የተቀዳ መዝሙር አስመጥቻለሁ፤ ከመኪናው ላይ በድምፅ ማጉያ እንለቀዋለን።»

«የማንን ድምፅ ነው አባ?»

«የተማረች ዘፋኝ ናት፤ ግሩም ድምፅ አላት።»

«እሷስ በዝናቡ ትመጣለች ወይስ ቤቷ ተኝታለች?»

ቄሱ ፈገግ ብለው ሄዱ። እሷ ወደ መተኮሷ ተመለሰች።

ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በስቅለቱ ሰልፍ፣ የጌታን ፊት በጨርቅ የጠረገችውን ቬሮኒካን ሆና የምትወጣው እሷ ነበረች። ጥቁር ለብሳ፣ የጌታ ፊት የተሳለበትን ጨርቅ ዘርግታ በላቲን ታዜማለች። ዜማውን ያስያዘቻት አክስቷ ናት፤ ሁለቱም ኖታ ማንበብ አያውቁም። በደብሩ ኦርኬስትራ ቁም ሣጥን የነበረውን የዜማውን ወረቀት ምስጥ ከበላው ቆይቷል። መኪናው ላይ ያለው ዜማ ደግሞ የሌላ አገር ዜማ ነው። እሷ ዝም ካለች የከተማው ዜማ አብሯት ዝም ማለቱ ነው፤ ይህን ለማወቅ ትምህርት አላስፈለጋትም።

አመሻሹ ላይ ሰልፉ ወረደ። በስቅለት ደወል ስለማይደወል ከፊት እንጨት ከእንጨት ያጋጫሉ፤ ከዚያ ፒክአፑ፣ ከእሱ ኋላ የሞተው ጌታ ምስል በቃሬዛ። ከቤቷ ዝቅ ብሎ ባለው መድኃኒት ቤት ጥግ ላይ ማጉያው መዝፈን ሲጀምር ጄኔሮዛ በርጩማዋን ይዛ ከበሯ ወጣች፤ መንገዱ መሐል፣ ቃሬዛው ፊት አስቀምጣ ወጣችበት።

ቬሮኒካ በርጩማ ላይ ስትወጣ ቃሬዛው ይወርዳል፤ ጨርቁን ሳትጠቀልል ማንም አይራመድም። ይህን የጻፈው የለም፣ የጣሰውም የለም።

ከፊት የተሸከመው ግንበኛው ዶሪቫል፣ አበልጇ ነው። «አበልጄ» አለ በቀስታ፣ «ድንጋዩ ያዳልጣል፣ ትወድቂያለሽ።»

«ከወደቅሁ አንተ ላይ ነው። አውርድ።»

ዶሪቫል ቄሱን አየ፤ በርጩማውንም አየ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞሮ «አውርዱ» አላቸው። ፒክአፑ ምንም ሳያውቅ ብቻውን እየዘፈነ ቁልቁል ሄደ።

«ዶና ጄኔሮዛ፣ ይህ መታዘዝ አይደለም» አሉ አባ ቫልዲር።

«አዎ አባ፣ አይደለም።»

ጨርቁን ዘረጋች። ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። አንድ ሰው ሳቀ። ሳቁን እስኪጨርስ ጠበቀችውና ከመጀመሪያው ጀመረች። ሦስቱ ማርያሞች ሆነው ዜማውን የሚቀበሏት ሴቶች በዚያ ዓመት ቅሩ ተብለው ነበር፤ ከሕዝቡ መሐል፣ አንዷ ዣንጥላ እንደያዘች፣ ተቀበሏት። ቃሬዛው የተነሣው ጨርቁ ሲጠቀለል ነው።

አባ ቫልዲር አልተዛወሩም፤ ይቅርታም አልጠየቁም። በዓመቱ ግን መኪና አልመጣም።

ጄኔሮዛ አሁን ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጉልበቷ እምቢ ስላለ በርጩማው ላይ የምትወጣው የእህቷ ልጅ ክላውዴቴ ናት። ጄኔሮዛ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ባለው በዚያው ቤት ትኖራለች፤ ሸሚዝም ትተኩሳለች።