ከአርባ ዓመታቸው በኋላ ሬዲዮ የተማሩት ልብስ ሰፊ

ጋሼ በላቸው ደምሴ ባለፈው ሐሙስ ጠዋት አረፉ፤ ከሰዓት በኋላ ቀበርናቸው። ይህን የምጽፈው ቀብር ላልደረሳችሁ፣ ከአብነት እስከ ሲኒማ ራስ ሱሪ ላሳጠሩላችሁና ሬዲዮ ለጠገኑላችሁ ሁሉ ነው። ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ስለ ደግነታቸው ሲወራ ሰማሁ። የተወራው ሁሉ እውነት ነው። ሁለቱ የቀኝ እጃቸው ጣቶች ለምን እንደማይታጠፉ ግን ማንም አላነሣም፤ እኔም ለመናገር አቅም አጣሁ።

ጋሼ በላቸው ከጎጃም መጥተው መርካቶ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸው አርባን ካለፈ በኋላ ሬዲዮአቸው ድንገት ዝም አለ። ጠጋኝ ዘንድ ቢወስዱት «ይሄ አልቆለታል፤ ምን አለሽ ተራ ይስጡት፣ ለብረቱ ይፈልጉት ይሆናል» አላቸው። እሳቸው ግን «የሞተበትን ሳላውቅማ አልቀብረውም» ብለው ተሸክመውት ተመለሱ። ክዳኑን ፈትተው በውስጡ ያሉትን አምፖሎችና ሽቦዎች አንድ በአንድ በጠመኔ ጠረጴዛቸው ላይ ሳሉ። ሽቦ የሚያጣብቁበትን እርሳስ ለማቅለጥ የመዳብ ዘንግ በካውያቸው ፍም ያግሉ ነበር። ዓመት ሙሉ ሲፈቱና ሲገጥሙ ከረሙ። ሬዲዮው ትንፍሽ አላለም።

ከዚያ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ሬዲዮ ስለ መጠገን የሚያስተምር የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ከአሮጌ ወረቀት ሻጭ አገኙና ወደ እኔ መጡ። እኔ ያኔ የአንድ መጋዘን ጸሐፊ ነበርኩ። «አንተ እንግሊዝኛውን ታውቃለህ፣ እኔ ደግሞ ሬዲዮውን መፍታት አውቃለሁ፤ ሁለታችን ብንደመር አንድ ጠጋኝ ይወጣናል» አሉኝ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እኔ እየተረጎምኩ እሳቸው በቄስ ትምህርት ቤት በለመዱት ጥንቁቅ ፊደል ይጽፋሉ። «ይፈሳል ስትል እንደ ውሃ ነው እንደ ነፋስ?» ብለው ይጠይቁኛል። አላውቅም እላለሁ። «እንግዲያው አላውቅም ብዬ ልጻፈው» ይሉና ይጽፉታል።

አንድ እሑድ ሳምንቱን ሙሉ ዕቃ ስመዘግብ ሰንብቼ ዓይኔ አልገለጥ አለኝ። ገጹ መካከል ዙሪያዋን በመስመር የታጠረች አጭር ጽሑፍ ነበረች። «ይህቺስ ምን ትላለች?» አሉኝ። ሳላነባት «ያለፈውን ነው የምትደግመው፣ እንለፋት» አልኳቸው። አመኑኝ።

ማክሰኞ ዕለት ሰው ጠራኝ። ስደርስ ጋሼ በላቸው ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል፤ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ እጃቸውን በአቡጀዲ ጠቅልለው ይዘዋል። ሬዲዮውን ከሶኬት ነቅለው ነበር እጃቸውን የሰደዱት። ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚይዘው ኮንደንሰር መታቸው፤ እጃቸው ሲስፈነጠር የሬዲዮው የውስጥ ቆርቆሮ ጠርዝ የሁለት ጣቶቻቸውን ጅማት በጠሰው።

መጽሐፉን ይዤ ቤቴ ገባሁና ያቺን ጽሑፍ አነበብኳት። ሬዲዮው ከተነቀለም በኋላ ኮንደንሰሩ ኃይሉን እንደያዘ ይቆያልና ሳታራግፍ አትንካ ትላለች።

ቁስሉ ዳነ፤ ጣቶቹ ግን አልታጠፉም። ከዚያ ወዲያ የቁልፍ ቀዳዳ የሚሰፉት እትዬ አስካለ ሆኑ። እኔ ሁለት ወር ያህል በሱቃቸው በር ላለማለፍ መንገድ ስቀይር ቆየሁ። በመጨረሻ መጽሐፉን ይዤ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጋሼ በላቸው መርፌያቸውን ጨርቁ ላይ ሰኩ።

«ያን ቀን እንደ ደከመህ አይቻለሁ» አሉ። «አይቼም ሂድና ተኛ አላልኩህም፤ ትምህርቱ አጓጉቶኝ። ጥፋቱን ለሁለት እንካፈለው።» ደብተራቸውን ጎተቱና ብዕሩን በቀሩት ጣቶቻቸው ያዙት። «በል፣ ያቺን አንብብልኝ፤ ልጻፋት።»

ቃል በቃል እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። እሳቸው ቀና ሳይሉ ጻፉ።

ሬዲዮው የተናገረው ከሌላ ዓመት ተኩል በኋላ ነው። አፏጨ፣ አጓራ፣ ከዚያ የሰው ድምፅ ወጣው። ጋሼ በላቸው እልል አላሉም። በርጩማ ስበው ተቀመጡና «አረጀሁበት እኮ» ብለው ፊታቸውን በእጃቸው አበሱ። እትዬ አስካለ ግን ጎረቤቱን ሁሉ ጠሩ።

ከዚያ በኋላ የታመመና ከቤት መውጣት የማይችል ሰው ሬዲዮ ተበላሸ ሲባሉ መፍቻቸውን በጨርቅ ከረጢት ይዘው እስከ ቤቱ ይሄዱ ነበር። ሊማር የፈለገንም አስተምረዋል። አንድ ጎልማሳ ተሸካሚ «ጋሼ፣ እኔ መሃይም ነኝ፣ ያሳፍረኛል» ቢላቸው «አላውቅም ማለት ምን ያሳፍራል? የሚያሳፍረው ሳያውቁ አወቅሁ ብሎ ማለፍ ነው» አሉት። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ እንዳያሳፍሩኝ ብለው ወደ እኔ አልዞሩም። ያ ሰው ፊደልም ሬዲዮም ከእሳቸው ተማረ። ሐሙስ ዕለት ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር።

ጋሼ በላቸው፣ እትዬ አስካለ እንዲቸገሩ አንፈቅድም፤ እህታቸውም መጥተው አብረዋቸው ናቸው። እርስዎ ይቅር ያሉኝን እኔ ራሴን ይቅር ማለት አቅቶኝ ይኸው ስንት ዓመቴ። ዛሬ ለሰው ሁሉ ተናገርኩት፤ ምናልባት ይቀለኝ ይሆናል። እርስዎ ግን ብዙ ደክመዋል። የመርካቶ ጫጫታ ከማይደርስበት፣ ማንም «ጋሼ፣ አንዴ ይዩልኝ» ከማይልዎት ስፍራ እግዚአብሔር ያሳርፍዎት። ደኅና ይሁኑ።