ተቀበል!

ለእህቴ ሠርግ ቫዮሊኔን ይዤ ሞላሌ ገባሁ። አዲስ አበባ የቫዮሊን አስተማሪ ነኝና፣ ምን እንዳቅበጠበጠኝ እንጃ፣ ዳሱ መሀል ቆሜ ረጅም የፈረንጅ ዜማ ጀመርኩ።

አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና «ተቀበል!» ብለው ሙሽራዋን የሚያወድስ ግጥም ሰጡኝ። እኛ አገር ግጥም የተሰጠው ማሲንቆ መቺ ወዲያው ተቀብሎ ማዜም አለበት። እኔ ግን ተማሪ ዜማ ሲያቋርጥ የምቆጣ ሰው ነኝ፤ እንዴት ላቋርጥ? ዓይኔን ጨፍኜ ቀጠልኩ። ጮክ ብለው ደገሙት። ቀጥለው ጆሮዬ ሥር መጥተው አንባረቁብኝ። ንቅንቅ አላልኩም።

ስጨርስ ሽማግሌው በሐዘን ወደ እናቴ ዞሩ።

«ጆሮው እንደማይሰማ ምነው ሳትነግሪን? ለደንቆሮማ ግሩም አድርጎ ይመታል!»