ጠዋት የተለካ መሬት

መሬታችን የተለካው በበሬ ቆዳ ጠፍር ነው። ከዳባት ወደ ደባርቅ ሲኬድ ከመኪናው መንገድ ወረድ ብሎ ባለው መንደራችን የመሬት ድልድል የተደረገው ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በበጋ ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር የእናቴ ወንድም ነው። ጽሑፌ ስለሚነበብ መዝገቡን እኔ እንድይዝ አደረገኝ። አጎቴ «ጎበዝ» እንዲለኝ ስል ደብተሩን በጋዜጣ ለበጥኩት።

ለእያንዳንዱ ቤት እንደ ቤተሰቡ ብዛት ይህን ያህል ጠፍር ተብሎ ተወሰነ። ከአባቴ ከተፋታች ወዲህ እናቴ በስሟ መሬት ልታገኝ ነው። ሰውን ከሁሉ ያነጋገረው ግን የባለእጁ ድርሻ ነበር። ይህ ጎረቤታችን ቤተ እስራኤል ነው፤ የመንደሩን ማረሻና ማጭድ ሁሉ ይሠራል፣ ርስት ግን አልነበረውም። ዓይኑን የሚፈሩ ሰዎች ማረሻ ሊያሾሉ ሲሄዱ ልጆቻቸውን ቤት ትተው ነው። ለእሱም እንደ እኛው አራት ጠፍር ተወሰነለት። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

በልኬታው ቀን ጠዋት አጎቴ ጠፍሩን ከወንዝ ሲያወጣው አየሁ። ውሃ ይንጠባጠባል። «ካልራሰ ይሰባበራል» አለኝ፣ ሳልጠይቀው። ሳልጠይቀው መመለሱ ከነከነኝ። መጀመሪያ የእናቴ፣ ቀጥሎ የራሱ፣ ከዚያ የሚስቱ ዘመዶች መሬት ተለካ። ሁለት ሰዎች ጫፍና ጫፉን ይዘው ይስባሉ፣ በየጠፍሩ መጨረሻ ድንጋይ ይተከላል፣ እኔ እጽፋለሁ። ፀሐይ ከበረታ በኋላ የሌሎቹ ተራ ደረሰ። ባለእጁ የመጨረሻው ነበር። ያን ጊዜ ጠፍሩ እንደ እንጨት ደርቋል።

አራተኛው ድንጋይ ሲተከል ባለእጁ ጎንበስ ብሎ ጠፍሩን በጣቶቹ አሸት አሸት አደረገው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይኼ ጠፍር ጠዋት ረዘም ያለ ነበር።»

ሰው ሳቀ። «አንተ፣ መሬትም እንደ ብረት በመዶሻ የሚሳብ መሰለህ?» አለው አንዱ።

«የኔ ወናፍ ቆዳ ነው። ሲርስ ምን እንደሚሆን፣ ሲደርቅ ምን እንደሚሆን ዕድሜዬን ሙሉ አይቻለሁ። ወደ እመይቴ ማሳ እንውሰደውና ከድንጋይ ድንጋይ ይሳብ።» እመይቴ ያላት እናቴን ነው።

አጎቴ ጠፍሩን መጠቅለል ጀመረ። «እሺ፤ ነገ ጠዋት በሰው ፊት እንለካዋለን። ምን ቸገረን!»

ሰዉ ይህን ወደደው። እኔ ግን ገባኝ። ነገ ጠዋት ጠፍሩ ርሶና ተለጥጦ ከወንዝ ይወጣል፣ ከድንጋዩም ልክ ይደርሳል፤ ባለእጁ በሐሰት የከሰሰ ይባላል፤ ያችኑ ጎዶሎ መሬትም ሊነጥቁት ይችላሉ።

«አሁን ይለካ» አለ ባለእጁ።

አጎቴ እየሳቀ ወደ እኔ ዞረ። «ጸሐፊያችን የተማረች ናት፤ እሷ ትንገረን። ጠፍሩ ጠዋትም አሁንም ያው አይደለም እንዴ?»

እናቴ ከኋላው ቆማ ታየኛለች። «ያው ነው» የሚለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ጋሼ፣ ጠዋት ርሶ ነበር» አልኩ። «አሁን ቢለካ ይሻላል።»

በእናቴ ማሳ ላይ ጠፍሩን ቢጎትቱት ቢጎትቱት ሁለተኛው ድንጋይ ጋ ለመድረስ ከክንድ በላይ ቀረው። ማንም አልሳቀም። ቅድም በባለእጁ የቀለደው ሰውዬ «ቆይ፣ የኔስ ከሰዓት አይደል የተለካው?» አለ። «የኔም!» «የኔም እኮ!» አጎቴ «ቆዳ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ?» ሲል የሰማው የለም።

በሳምንቱ በቃጫ ገመድ እንደገና ተለካ። እናቴ ከማሳዋ ዳር ለገብስ የሚሆን ደህና ቁራጭ አጣች። «ትምህርትሽ በጀን» አለችኝ፤ ከዚያ በኋላ ነገሩን አንስታብኝ አታውቅም። አጎቴ ሊቀመንበር እንደሆነ ቀረ፤ መዝገቡን ግን ለሌላ ሰጠው።

ዘንድሮ ኮሌጅ ልገባ ስነሳ፣ ባለእጁን ልሰናበተው በማሳው በኩል አለፍኩ። ዳር ዳሩን በእርምጃ ይለካ ነበር። በየጠዋቱ እንደሚለካው ሰምቻለሁ። «እንደምን አደሩ?» አልኩት። ቁጥሩ እንዳይጠፋበት እጁን ብቻ አነሳልኝና ጨርሶ መጣ።

«ያን ለት ‹ርሶ ነበር› ያልሽው ማን በይ ብሎሽ ነው?» አለኝ።

«ማንም።»

እንዳላመነኝ ሁሉ አየኝ። «ይሁን» ብሎ ወደ መጀመሪያው ድንጋይ ተመለሰና እንደገና ከአንድ ጀመረ።