ጥፋቱ የትርንጎ እግር አይደለም

ይህን ለእናቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። ለእናንተ ልናገረው፤ ከዚህ በላይ ከያዝኩት ያንቀኛል።

የቢቸና ልጅ ነኝ። ዘንድሮ በአውቶሞቲቭ ኢንጂነሪንግ ተመርቄያለሁ፤ ጥፋቱን የሠራሁት ግን ገና ተማሪ ሳለሁ ነው። ወንድሜ መኪናውን ለሰርግ ያከራያል። ዝቅ ብላ እንድታምርለት ፈለገ፤ ዕቃውን የመረጥኩለት እኔ ነኝ። ሞላና ሾክ አብዞርበሩ አንድ ላይ የሆነ፣ ቀለበቱን በመፍቻ ቁልፍ ሲያዞሩት መኪናዋን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ። ሙሽሪትን እንዳያንገጫግጭ ብዬ ለስላሳውን ሞላ መረጥኩ። ከዚያ መኪናዋን ባዶዋን አስፋልት ላይ አቁሜ ለካሁና «አለቀ» አልኩ። ለሰርግ ባዶ መኪና ይሄዳል እንዴ?

ወንድሜማ ጠይቆኝ ነበር። «ሰው ጭነን እንሞክራት። ለሞጣው መንገድ ትንሽ ከፍ አርጊያት» አለኝ። «መሐንዲሱ አንተ ነህ እኔ?» አልኩት። ቁልፉ እጄ ላይ ነበር። ከፍ ካለች ፎቶ ላይ አታምርም ብዬ ተውኩት። ለፎቶ።

ሙሽሪት የሰፈሬ ልጅ ትርንጎ ናት፤ የተዳረችው ለሞጣ ሰው ነው። ሞጣ ደርሰን፣ የሙሽራው ቤት በር ላይ ያለው የድንጋይ መሻገሪያ፣ ሰው ተጭኖባት ዝቅ ያለችውን የመኪናዋን ሆድ ያዘው። የሞተሩ ዘይት ፈሰሰ። ትርንጎ ወርዳ በነጭ ቀሚሷ ጥቁሩን ዘይት እየረገጠች ገባች። የሙሽራው አክስት ሰው እየሰማ፣ «ይቺ ልጅ መኪናውን ደጃችን ላይ ቀጥ አረገችውሳ። እግሯ ደግ አይደለም» አሉ። ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ዝም አልኩ።

ለምን? ሰፈሩ «ኢንጂነሯ» ይለኝ ስለነበር። የኔን ስም ላለማጣት የሷን ስም ሰጠኋቸው።

ከዚያ ወዲህ ላም ብትጨነግፍ የትርንጎ እግር፣ በረዶ ጤፉን ቢመታ የትርንጎ እግር። ያናድደኛል፣ ደሜ ይፈላል። ግን በማን ልናደድ? አክስትየዋ አያውቁም። እኔ አውቅ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ወደ አባቷ ቤት መለሷት። እሁድ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ወይ ትመለሳለች ወይ ትፋታለች። ልነግራት ሄድኩ። አፌን ሳልከፍት ቀደመችኝ፤ «ወንድምሽን ይቅር በለኝ በይልኝ፣ በኔ ዕድል መኪናውን አሰበርኩበት» አለችኝ። ምንም ሳልል ወጣሁ። ዳግመኛ።

ልጅ ነበርኩ አልልም። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልልም፤ ይቅርታው የሷ ነው። እሁድ ያንን ቁልፍ ይዤ ሽማግሌዎቹ ፊት እቆማለሁ።

ዕድልሽ አይደለም ትርንጎ። እግርሽም አይደለም። እኔ ነኝ።