ምስሉ ሲቆም

ልጄ ያለጊዜዋ ተወልዳ ማሞቂያ ውስጥ በቆየችባቸው ሳምንታት፣ ከነርሶቹ ይልቅ ዓይኔ የሚያርፈው በአንድ ሰውዬ ላይ ነበር። ሥራው ካሜራዎቹ ከየማሞቂያው የሚያነሱትን ምስል በሆስፒታሉ ሰርቨር በኩል ቤታቸው ላሉ እናቶች በቀጥታ ማስተላለፍ ነው። ክርኑ የሳሳ ሰማያዊ ሹራብ ይለብሳል። በክፍሉ ጥግ፣ ከስክሪኑ ፊት፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ሊነሳ እንዳሰበ ሰው። ሻዩ ሳይጠጣ ይቀዘቅዛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የልጄ ምስል ስክሪኑ ላይ ቀጥ አለ። የሰውዬው ፊት አመድ መሰለ። ሰርቨሩን አልነካም፤ ሮጦ ልጄ ጋ ሄደና መስታወቱ ላይ ተደፍቶ፣ ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል እስኪያይ ትንፋሹን ዋጠ። ከዚያ ቤት ሆና ምስሉን ለምትከታተለው ባለቤቴ ደወለ።

"አይዞሽ እህቴ፣ ልጅሽ ትተነፍሳለች። የቆመው ምስሉ ነው፤ አሁን አስተካክለዋለሁ።"

ድምፁ የረጋ ነበር።

ሰርቨሩን አጥፍቶ ሲያስነሳው ምስሉ ተመለሰ። እኔም ነፍሴ መለስ ስትልልኝ፣ "ወንድሜ፣ ማሽኑን ትተህ መጀመሪያ ወደ ልጅቷ የሮጥከው ለምንድን ነው?" አልኩት።

ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም።

"አንድ ጊዜ እንዲሁ ምስሉ ሲቆም ማሽኑን ስነካካ ቆየሁ" አለኝ። "ማሽኑ ምንም አልሆነም ነበር።"