ካላሃሪ ላይ የፈሰሰው የጉደር ወንዝ

«አዘንኩላቸውና ወንዝ ጨመርኩላቸው» አሉኝ ዛሬ የጉደሩ ሠዓሊያችን ኦቦ ደበላ። ለሦስተኛ ጊዜ!

ካላሃሪ በረሃ ውስጥ ጥቂት ሽማግሌዎች ብቻ ለሚናገሩት፣ ከኮይሳን ነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች ለአንዱ የልጆች መማሪያ መጽሐፍ እያዘጋጀን ነው። ሥዕሎቹን እዚህ አምቦ የማሠራው እኔ ነኝ።

ገጹ ላይ አንዲት አሮጊት በሸምበቆ ከአሸዋ ውስጥ ውሃ መጥጣ ታወጣለች። ትምህርቱም የዚህ ዘዴ ቃላት ነው፤ ልጆቹ ካልያዙት ከሽማግሌዎቹ ጋር ይቀበራል። ታዲያ ወንዝ ከጀርባዋ እየፈሰሰ ሴትዮዋ አሸዋ ውስጥ ምን ትሠራለች?

«ኧረ ያጥፉት ኦቦ!» ብዬ ጮህኩ።

አጠፉት። ጥግ ላይ ግን አንድ ትልቅ ዛፍ አስቀሩ። «እንግዲህ ጥላ እንኳ ይኑራቸው፣ ቲቸር።»

በደግነቱ ሥራችሁን ያበላሸባችሁ ሰው ካለ እስቲ ጻፉልኝ። እኔ ዛፉን ያጥፉ ለማለት አፍ አጣሁ።