ከታንኳ ባንድ ማን ቀረ

ከሐዋሳ የወጣሁት ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ ታንኳ ባንድ ሐይቅ ዳር ባለው ሆቴል የሚጫወትበት ቀን ነው። ደላላው የላከው ሚኒባስ በሆቴሉ በር ሲያልፍ ሳሚ ሊድ ጊታሩን ሲቃኝ ሰማሁት። ሹፌሩን ትንሽ ቀስ በልልኝ ልለው አሰብኩና ተውኩት። አጠገቤ የተቀመጠችው እማዬ እጄን ይዛ እየጸለየች ነበር። እስከ መናኸሪያው ልትሸኘኝ ነው የመጣችው፤ የእኔ ጆሮ ግን ጸሎቱን ትቶ ውጪ ቀርቷል።

እናንተ አገር ቤት ያላችሁ፣ "ምህረት ባሏ ጋ ሄደች፣ አለፈላት" እንደምትሉ አውቃለሁ። እንዴት እንደሄድኩ ልንገራችሁ።

በዚያ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። ታንኳ ባንድ መጀመሪያ ሲመጣ አራት ነበሩ፦ ባንዱን ያቋቋመውና ሊድ ጊታር የሚጫወተው ሳሚ፣ ድምፃዊው እዮብ፣ ቤዝ የሚመታው ማቴዎስና አንድ ድራመር። ሮክ ነው የሚጫወቱት፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በሲዳሙ አፎ። ባለ ሆቴሉ፣ "እናንተ ስትጀምሩ ሰው ሂሳብ ይጠይቃል" ይላቸዋል። እኔ ግን ከመዝገቡ ቀና ብዬ፣ ቤዙ ደረቴን ሲመታኝ፣ የሆነ ትልቅ ነገር ሊሆን ነው እያልኩ እጠብቅ ነበር። ምን እንደምጠብቅ አላውቅም። ሙዚቃ ተምሬ አይደለም፤ የማውቀው እነሱን ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሄደው ድራመሩ ነው፤ አዲስ አበባ የሠርግ ባንድ ጠራው። ሳሚ ሌላ አምጥቶ ዘፈኖቹን ከሀ ጀምሮ አስተማረ። ከዚያ እዮብ አንድ እሁድ ጌታን ተቀበለና ዓለማዊ ዘፈን ተወ። እማዬ፣ "ስንት ጸልየንለታል" ብላ እልል አለች። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። በእሱ ቦታ የመጣው ድምፀ መልካም ነው፤ ግን ሲዳሙ አፎ ስለማይችል ቃሉን ሸምድዶ ይዘፍናል፤ የሚሳቅበት ቦታ ላይ ያዝናል። አንዱ ሲሄድ ሌላው ይመጣል፤ ሳሚም እንደገና ከመጀመሪያው ዘፈን ይጀምራል። "አይሰለችህም?" አልኩት አንድ ቀን።

"ከቆምኩ ባንድ የለማ" አለኝ።

ማቴዎስ ሲሄድ ለማንም አልተናገረም። አንድ ቅዳሜ በእሱ ቦታ ሌላ ሰው ቆሞ አየሁ። "ደቡብ አፍሪካ" አለኝ ሳሚ፣ ጊታሩን እየወለወለ።

ከወራት በኋላ ማቴዎስ ስልክ ደወለልኝ። ሰላምታ እንኳ ሳይጨርስ፣ "ዛሬ ይጫወታሉ?" አለ። ስልኩን ወደ መድረኩ አዞርኩለት። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ይደውላል፤ እኔም ክንዴ እስኪዝል ስልኩን ዘርግቼ እቆማለሁ። ሲያልቅ ስለ አዲሱ ቤዝ ይጠይቀኛል። "ይቸኩላል" እለዋለሁ። ደስ ይለዋል። እንዲህ እንዲህ ስንል ሽማግሌ ላከ።

ሠርጋችን ሙሽራው የሌለበት ሠርግ ነበር። ወንድሙ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ስልኩን ይዞልኛል፤ ማቴዎስ ከስልኩ ውስጥ ይታያል። ኔትወርኩ በተቆራረጠ ቁጥር አፉን እንደከፈተ ድርቅ ይላል፤ አክስቶቼም እያዩ ይሳሳቃሉ። መዘምራኑን የሚመራው እዮብ ነው። ሳሚ ከእንግዶቹ ጋር ቁጭ ብሎ ቡርሳሜ እየበላ ነበር። የድሮው ታንኳ ባንድ፣ ከድራመሩ በቀር፣ ለመጨረሻ ጊዜ አንድ ቦታ የተገናኘው ያን ቀን ነው፤ እንዲያም ሆኖ አንዱ የተገኘው በስልክ ነው።

መንገዱን ብዙ አላወራም፤ የሄደበት ያውቀዋል። በሞያሌ አድርገን፣ ከዚያ ወዲያ በድንች ጆንያ መሃል፣ አትናገሩ እየተባልን። አብራኝ የነበረች የሆሳዕና ልጅ እሷም ወደ ባሏ ነው የምትሄደው። "ያንቺ ምን ይመስላል?" ስትለኝ፣ መልኩን ልነግራት ፈልጌ የመጣልኝ አጨዋወቱ ነው።

የተቀበለኝ ማቴዎስ ከስቷል። የምንኖረው ሎኬሽን በሚሉት የድሆች ሰፈር፣ ስፓዛ በሚሏት ሱቅ ውስጥ ነው። ሱቃችን የአንዲት አሮጊት ቤት ጋራዥ ነበር። ከፊት በብረት ፍርግርግ ታጥሯል፤ መሃሉ ላይ ዳቦ የምታሳልፍ ቀዳዳ አለች። በሩ ከውስጥ ይቆለፋል። የምንተኛው ከዱቄቱ ጆንያ ጀርባ ነው። ጎረቤት ያለ ያገራችን ልጅ ሱቅ ከተዘረፈ ወዲህ ማቴዎስ፣ "ከበሩ እንዳትወጪ" አለኝ፤ ይኸው አልወጣሁም። ሰኔ ላይ እናንተ ጋ ሲዘንብ እኛ በቆርቆሮው ስር በብርድ እንንቀጠቀጣለን። ፓፕ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ አላቸው፤ ቅቤም ሚጥሚጣም አያውቅም። ዓሣ አምሮኝ ማቴዎስ ገዝቶልኝ መጣ፤ በጣሳ የታሸገ ነው። ጣሳውን እያየሁ የሐዋሳው የዓሣ ገበያ አሞራ ገደል ትዝ አለኝና መክፈቻውን አስቀመጥኩት።

የወጣሁት ለወረቀት ብቻ ነው። የስደተኞች ቢሮ ያለው ሰውዬ፣ "ለምን አገርሽን ለቀቅሽ?" አለኝ።

"ባሌ እዚህ ስላለ።"

"ባልሽ አገሩ ምን ይሠራ ነበር?"

"ቤዝ ጊታር ይመታ ነበር።"

ብዕሩን አስቀመጠ። "ቤዝ ጊታር መምታት አገራችሁ ያሳስራል?"

"አያሳስርም። አያበላም እንጂ።"

ሳቀ፤ ለጓደኛውም ነገረው፤ ሁለቱም ሳቁ። ወረቀቱን ግን ለአጭር ጊዜ ነው የሰጠኝ። "ከዚያ በኋላ ሌላ ምክንያት ይዘሽ ነይ" አለኝ።

አንድ ቀን ብቻዬን ስሆን ስልኬ ላይ ያለውን የታንኳን ቅጂ ከፈትኩ። የቤቱ ባለቤት አሮጊቷ፣ እንደ አገሬው ጎጎ፣ አያቴ፣ የምንላቸው፣ በጓሮ በኩል መጥተው በሩን ደበደቡ።

"ማነው የሚደበደበው?"

"ማንም አይደበደብም ጎጎ፤ እየዘፈነ ነው።"

ጆሯቸውን ጣል አድርገው ሰሙ። "ሰውዬው ምን ቸገረው?" አሉኝ። የሚዘፍነው አዲሱ ድምፃዊ ነበር። የሚሳቅበት ቦታ ላይ እያዘነ እንደሆነ እንዴት ላስረዳቸው?

ማቴዎስ ያን ሰዓት ዕቃ ይዞ ገባ። "ዝጊው" አለኝ።

ዘጋሁት። ማታ ግን አላስቻለኝም። "ቅዳሜ ቅዳሜ ክንዴ እስኪዝል ታስይዘኝ አልነበር? አሁን ምን ሆንክ?"

ሳጥኖቹን መደርደሩን አላቆመም። "ያኔ አንቺ እዚያ ነበርሽ። ስሰማው የምመለስ ይመስለኝ ነበር። አሁን አንቺም እዚህ ነሽ። ማን ቀርቶ ነው የምመለሰው?"

ላጽናናው የመጣሁት እኔ በሩን እንደዘጋሁበት ያን ቀን ገባኝ። እሱ ከኋላዬ ቆለፈብኝ፤ እኔም ሳላውቅ ቆልፌበታለሁ።

ባለፈው እሁድ ሳሚ ደወለ። የማቴዎስ ስልክ ላይ ሳይሆን የእኔ ላይ።

"ምህረት፣ እውነቱን የምትነግሪኝ አንቺ ነሽ። ከመጀመሪያዎቹ እኔ ብቻ ቀረሁ፤ ማስተማርም ደከመኝ። ልምጣ ወይስ ልቅር?"

ማቴዎስ አጠገቤ ነበር። ሰምቶታል። ክንዴን ያዝ አድርጎ፣ "ይምጣ በዪው" አለኝ በሹክሹክታ። "ሁለት ከሆንን እሁድ እሁድ እንጫወታለን።"

ከመጣሁ ጀምሮ ስለ መጫወት ሲያነሳ ያን ቀን ገና መስማቴ ነው። ዓይኑ ያኔ መድረክ ላይ የማውቀው ዓይን ነበር። ና ካልኩት ባሌን መልሼ አገኘዋለሁ፤ ሳሚ ደግሞ ከዱቄቱ ጀርባ ይተኛል።

"ሳሚ፣ ስለ አገሩ ምንም ልነግርህ አልችልም" አልኩት። "የማየው በአንዲት ቀዳዳ ነው። ቀዳዳዋ ዳቦ ታሳልፋለች፤ ሰው አታሳልፍም።"

"ማቴዎስን ስጪኝ" አለ።

ሰጠሁት። ማቴዎስ ስለ መምጣት አላነሳም። "ቤዙን አሁን የሚመታው ማነው?" አለ።

ሳሚ የመለሰው ለእኔም ተሰማኝ። "ማንም የለም። ልጁ ባለፈው ሳምንት ተነሳ፤ ሞያሌን አልፏል። ያንተን ቁጥር ሰጥቼዋለሁ።"

"መንገድ ላይ እንዳይሰጋ ንገረው" አለ ማቴዎስ። ስልኩን መልሶ ሰጠኝና ወደ ጓዳ ገባ። ለሚመጣው እንግዳ የሚሆን ቦታ ለማግኘት ጆንያዎቹን ሲገፋ ይሰማኝ ነበር።

አንዲት ሴት ፍርግርጉን በሳንቲም ቆረቆረች፤ ዳቦ ፈልጋ ነው። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል አጣብቄ ዳቦዋን በቀዳዳዋ አወጣሁላት። ሳሚ አልዘጋም። ትንፋሹን እሰማ ነበር፤ ና ወይም ቅር እንድለው እየጠበቀ ነበር።